ንቅሳትና የታመመ ደም

(በማኅበራችን የወሩ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ንቅሳት እንናገራለን ስንል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁ አልቀረም። ከዚህ መድረክ የሚነገረው ስለ ኢኮኖሚና ስለ አስተዳደር ነው፤ እኛ ደግሞ መርፌና ጥላሸት ይዘን መጣን። ነገር ግን ጉዳዩ ከገዛ መኝታ ቤታችን የተነሣ፣ ለአንድ ጓደኛችንም የሞትና የሕይወት ነገር የነበረ ስለ ሆነ፣ ይህን ሰዓት ብንወስድባችሁ ቅር እንደማትሰኙ እናምናለን።

ንግግሩን ያዘጋጀነው ሦስት የሕክምና ተማሪዎች ነን። ሐኪሞች ግን ገና አይደለንም፤ የምንነግራችሁም ከመምህሮቻችን ጠይቀን የተረዳነውንና ከመጻሕፍት ያገኘነውን ነው።

ከሦስት ወር በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ በመኝታ ቤታችን አንዱ ክፍል ውስጥ ጥቂት ልጆች ተሰብስበው በአንድ መርፌና ከገበያ በተገዛ ቀለም እርስ በርሳቸው ሲነቃቀሱ አገኘናቸው። ተራውን ከሚጠብቁት መካከል አንዱ የደም ካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ጓደኛችን ነበር። እናቱ ባለፈው ዓመት ዐርፋለች፤ ስሟን በክንዱ ላይ ሊያስጽፍ ፈልጓል። ሊተወው እንደሚገባ ስንነግረው፣ «አያቴ ከግንባሯ እስከ አንገቷ ተነቅሳ ሰማንያ ዓመት ኖረች፤ እኔን ምን ያደርገኛል?» ብሎ ጠየቀን። እኛም «ይቅርብህ» ከማለት በቀር የምንመልሰው አልነበረንም። «ይቅርብህ» ደግሞ መልስ አይደለም፤ ሕፃን ከእሳት የሚከለከልበት ቃል ነው። ሦስት ወር ሙሉ ስንፈልገው የቆየነው ለርሱ የሚገባ መልስ ነው።

በመጀመሪያ ስለ አያቱ ያለው እውነት መሆኑን እንመስክር። ንቅሳት ላገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በሰሜኑና በመካከለኛው ያገራችን ክፍል አያሌ እናቶች በግንባራቸው መስቀል፣ ባገጫቸውና በአንገታቸው ዙሪያ እንደ ሐብል የተደረደረ መስመር፣ በእጃቸው ጀርባም ልዩ ልዩ ቅርጽ አላቸው። ድዳቸውን ተነቅሰው ያጠቆሩትም ብዙ ናቸው፤ ጥርስ በጥቁር ድድ ላይ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ለሴት ልጅ ትልቅ ጌጥ ነበረ። መሣሪያው እሾህ ወይም መርፌ፣ ቀለሙም ከኩራዝ ወይም ከምጣድ የተጠረገ ጥላሸት ከቅጠል ጭማቂ ጋር ተለውሶ ነው። ከመካከላችን አንዱ ለበዓል አገሩ በገባ ጊዜ አያቱን፣ «እማማ፣ ድድዎን ሲነቀሱ አላመመዎትም ወይ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «አይ ልጄ፣ ሳምንት ሙሉ እንጀራ አልጎረስኩም፤ አጥሚት በማንኪያ እያጠጡኝ ነው የሰነበትሁት። ግን ማን ይቀርባታል?» ብለው መለሱለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። ከተማ ገብቶ የተማረ ወጣት ያያቱን ንቅሳት የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ብሎ ሲያፍርበት ቆይቶ፣ የባሕር ማዶ ኳስ ተጫዋች ክንድ ላይ ያየውን ሥዕል ግን ሥልጣኔ ነው ብሎ ገንዘብ ከፍሎ ሲያስነቅስ እናያለን። መርፌው ያው መርፌ ነው። እኛ የመጣነው አሮጌውንም አዲሱንም ልንነቅፍ አይደለም፤ ደሙ የታመመ ሰው ሲነቀስ ከቆዳው ሥር ምን እንደሚደርስ ልንናገር ነው እንጂ።

ቆዳችን ከላይ ስስ ሽፋን አለው፤ ይህ ሽፋን እየተፋቀና እየተተካ ይኖራል። ቀለም በዚያ ቢቀር ኖሮ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሽፋኑ ጋር በረገፈ ነበር። ነቃሽ ግን መርፌውን አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አሳልፎ የደም ሥርና ነርቭ ወዳለበት ወደ ሁለተኛው የቆዳ ንብርብር ያወርደዋል። በዚያ የሚኖሩ ማክሮፋጅ የተባሉ ሕዋሳት ሥራቸው ባዕድ ነገርን መዋጥ ስለ ሆነ ቀለሙን ይውጡታል፤ ሊፈጩት ግን አይችሉም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 በፈረንሳይ አገር በማርሴይ የሚገኙ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ቀለም የዋጠው ሕዋስ ሲሞት ቀለሙ ይለቀቃል፣ ወዲያውም አዲስ የመጣ ሕዋስ ይውጠዋል። እንግዲህ በቆዳ ላይ ጸንቶ የሚታየው መስመር እንደ ግድግዳ ቀለም ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም፤ ዘበኛ ለዘበኛ እየተረካከበ ዕድሜ ልክ የሚጠብቀው ነገር ነው። ከቀለሙም ከፊሉ በብብትና በአንገት ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች ይሄዳል፤ የተነቀሰ ሰው ዕጢ ቢከፈት የንቅሳቱን ቀለም ይዞ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ንቅሳት ማለት እንግዲህ መጀመሪያ ብዙ ሺህ ጥቃቅን ቁስል፣ ከዚያም በኋላ የማይፈርስ የዘበኞች ጣቢያ ነው። ጤነኛ ሰው ቁስሉን በሁለትና በሦስት ሳምንት ያድነዋል። ይህን የሚያደርግለት ግን ደሙ ነው።

የደም ካንሰር የሚነሣው ደም ከሚሠሩት ሕዋሳት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሥሩ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። ሩዶልፍ ፊርኾ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1847 ሉኪሚያ ብሎ ስም ሲያወጣለት ከግሪክ ቋንቋ ወስዶ «ነጭ ደም» ማለቱ ነበር፤ በሽተኞቹ ደም ውስጥ ነጫጭ ሕዋሳት በዝተው ስላየ ነው። ስሙ ግን ሰውን ያሳስታል። ነጭ ሕዋስ ከበዛ መከላከያውም የበዛ ይመስላል፤ ነገሩ ተቃራኒ ነው። የበዙት ያልበሰሉ፣ ሥራ የማያውቁ ሕዋሳት ናቸው፤ መቅኔውን ሞልተው ለደኅናዎቹ ቦታ ይነሷቸዋል። መሣሪያ የሌለው ሠራዊት ከተማውን ሞልቶ እህሉን ሲጨርስ ማለት ነው። መድኃኒቱ ደግሞ እነዚያን ሲገድል ደኅናዎቹንም አብሮ ይገድላል፤ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ የደም ቆጠራው ከሁሉ ዝቅ ይላል።

ቁጥሩን መናገር ይሻላል። ጀርም ተዋጊ የሆኑት ኒውትሮፊል የተባሉት ነጫጭ ሕዋሳት በጤነኛ ሰው በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ደም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 በላይ ናቸው። ከ500 በታች ሲወርዱ ሐኪሞች ትልቅ አደጋ ነው ይላሉ። ደም የሚያረጉት ፕላትሌት የተባሉት ደግሞ ከ150,000 እስከ 450,000 ናቸው፤ በካንሰሩ ወይም በመድኃኒቱ ምክንያት ግን ወደ 10,000ና ከዚያም በታች ሊወርዱ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ድድ ያለ ምክንያት ይደማል፣ ነስር አልቆም ይላል፣ በእግር ላይም እንደ ቁንጫ ንክሻ ያለ ነጠብጣብ ይወጣል። ጓደኛችን በዚያ ቅዳሜ ማታ ቆጠራው ስንት እንደ ነበር አያውቅም ነበር፤ መድኃኒቱን ከወሰደ ግን አሥረኛ ቀኑ ነበር።

እስቲ በዚያ ቀን መርፌው ገብቶ ቢሆን ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበር እንከታተለው።

ደሙ ቶሎ ባለመርጋቱ ንቅሳቱ ከሥር ይደማል፣ ክንዱም ያብጣል። ይህ ቀላሉ ነው። በቆዳችን ላይ ሁልጊዜ የሚኖሩት ስታፊሎኮከስና ስትሬፕቶኮከስ የተባሉ ባክቴሪያዎች፣ ከንጹሕ ካልሆነ ውሃ የሚመጣው ፕሴውዶሞናስ፣ ከአፈርና ከአቧራም የሚመጣ የሻጋታ ዘር በመርፌው ቀዳዳ ይገባሉ። ጤነኛ ሰው ቢሆን ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ይመግላል፤ ሰውየውም አይቶ ይደነግጥና ወደ ሐኪም ይሄዳል። ኒውትሮፊል ያነሰው ሰው ግን ላይመግል ይችላል። መግል ማለት ሲዋጉ የሞቱ የነጭ ሕዋሳት ሬሳ ነው፤ ተዋጊ ከሌለ ሬሳም የለም። ቁስሉ ጸጥ ብሎ፣ የዳነ መስሎ፣ ጀርሙ ወደ ደም ይገባል። ከዚህ ሁሉ ነገር አንዱን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህንን እንድትይዙ እንወዳለን። ቁስሉ አልመገለም ማለት ለነዚህ ሰዎች ደኅና ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚታየው ብቸኛ ምልክት ትኩሳት ነው፤ 38 ዲግሪ ከደረሰ ነገን ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል፤ ሐኪሞችም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ለመጀመር ይጥራሉ። ፓራሲታሞል ውጦ መተኛት በዚህ ጊዜ ዋናውን ደወል መበጠስ ነው።

ፕሴውዶሞናስ ወደ ደም ከገባ በቆዳ ላይ መካከሉ የጠቆረና የሞተ ቁስል ያወጣል። ጥቁር ቁስል በጥቁር ቀለም ላይ፣ ያውም በጠይም ቆዳ ላይ፣ ማን ቶሎ ያየዋል? እኛ በመጽሐፍ ያየናቸው ሥዕሎች ሁሉ በነጭ ቆዳ ላይ የተነሡ ናቸው፤ ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለ ሆነ ለሌላ ቀን እናቆየው።

ጀርም ሳይኖርበትም ቆዳው ሊታወክ ይችላል። በ1964 ሮበርት ስዊት የተባለ እንግሊዛዊ የቆዳ ሐኪም ስምንት ሴቶች ከትኩሳት ጋር የሚያምም ቀይ እብጠት በቆዳቸው ላይ እንደ ወጣባቸው ጻፈ። በሽታው በስሙ ተጠራ፤ ከነዚህ በሽተኞች አንዳንዶቹ የደም ካንሰር እንዳለባቸው ከዚያ ወዲህ ታውቋል። የሚያስገርመው ጠባዩ መርፌ በተወጋበት፣ ቆዳ በተጫረበት ቦታ መነሣቱ ነው። ደም ለመቅዳት የገባች አንዲት መርፌ ይህን የምታስነሣ ከሆነ፣ ሺህ ጊዜ የሚመላለስ የነቃሽ መርፌ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም። አልፎ አልፎም የካንሰሩ ሕዋሳት ራሳቸው ወደ ቆዳ ወጥተው፣ አንዳንዴም በቆሰለበት ቦታ ላይ፣ ጠንካራ እብጠት ይሠራሉ።

«ንጹሕ ነቃሽ ፈልጌ፣ በአዲስ መርፌ ብነቀስስ?» የሚል አለ። ደኅና ጥያቄ ነው። አዲስ መርፌ ከጉበት በሽታ ቫይረሶችና ከኤች አይ ቪ ያድናል፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። በዚያ መኝታ ክፍል ውስጥ ግን አንዲት መርፌ ለአምስት ሰው ስትዞር ነበር። ይሁን እንጂ በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በሮቸስተር ከተማ የሆነውን ስሙ። 19 ሰዎች ከተነቀሱ በኋላ በንቅሳታቸው ላይ ሽፍታ ወጣባቸው። ሲመረመር ማይኮባክቴሪየም ኬሎኔ የተባለ፣ የሳምባ ነቀርሳ ጀርም የሩቅ ዘመድ የሆነ ባክቴሪያ ተገኘ። የመጣውም ከፋብሪካ ተቀጥኖ ከተሸጠ ግራጫ ቀለም ነበር። ነቃሹ እጁን ቢታጠብ፣ መርፌውን ቢቀይር፣ ጀርሙ አስቀድሞ በብልቃጡ ውስጥ ነበረ። ደማቸው ደኅና የሆነ ሰዎች እንኳ ረዥም ጊዜ መድኃኒት መውሰድ አስፈልጓቸዋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ፤ እኛን ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበን ሁለት ነገር አለ፤ ድድና አንገት።

አፍ መቼም ከጀርም ባዶ ሆኖ አያውቅም። ድድ መነቀስ ማለት እንግዲህ ጀርም በሞላበት ቦታ ብዙ ቁስል መክፈት ነው። ከዚህም በላይ አንዳንዱ የደም ካንሰር ራሱን አስቀድሞ የሚገልጸው በድድ ነው፤ ድድ ያብጣል፣ ይደማል፣ ጥርሱን እስኪሸፍን ያድጋል። አንዳንዱ በሽተኛ መጀመሪያ የሚሄደው የጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው። ያበጠና የሚደማ ድድ ያላት ልጅ «ብትነቀሺው ይጠነክራል» ብትባልና ብትነቀስ፣ በሽታው ራሱ በሚታይበት ቦታ ላይ ቁስልና ጥቁር ቀለም ተጨመረበት ማለት ነው። ድድን ያጠነክራል የሚለውን ንግግር እኛ ሦስታችንም በየመንደራችን ሰምተነዋል።

አንገትም እንደዚሁ ነው። በብዙ ቦታ የአንገት ንቅሳት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ከእንቅርት ይከላከላል፣ የወጣውንም ያቆማል ተብሎ ይታመናል። እንቅርት ባብዛኛው ከአዮዲን እጥረት የሚመጣ ስለ ሆነ መርፌ አያድነውም፤ ለዚህ ጨው አለ። ነገር ግን በአንገት ላይ የሚወጣ እብጠት ሁሉ እንቅርት አይደለም። ሊምፎማ የተባለው፣ ከደም ካንሰር ወገን የሚቆጠረው በሽታ፣ ብዙ ጊዜ በአንገት ጎን በማያምም ንፍፊት ይጀምራል። ባለማመሙ ምክንያት ሰው ይንቀዋል፣ ወይም ያስነቅሰዋል፣ ያስበጣዋል፣ በጋለ ብረት ያስተኩሰዋል። በግራ ጎን ሆድ ያበጠበትም ሰው ጣፊያው ነው ተብሎ ይበጣል፤ ከሥሩ ግን ለረዥም ጊዜ የቆየ የደም ካንሰር ሊኖር ይችላል። እነዚህ ሰዎች በመጨረሻ ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ በሽታውን ብቻ ሳይሆን የቆሰለውንም ቆዳ ያክማል፤ የቆሰለ ቆዳ ያለበት ሰው ደግሞ ቆጠራ የሚያወርደውን መድኃኒት ወዲያው ለመጀመር ያስቸግራል።

ንቅሳት ራሱ የደም ካንሰር ያመጣል ወይ የሚለውን ብዙዎች ጠይቀውናል። በ2024 በስዊድን አገር የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 11,905 ሰዎችን የያዘ ጥናት አውጥተው፣ በተነቀሱት ዘንድ የሊምፎማ አደጋ 21 በመቶ ከፍ ብሎ እንዳገኙት ጻፉ። ጋዜጦቹም ጮኹበት። እኛ እንዳነበብነው ግን ልዩነቱ ከአጋጣሚ ፈጽሞ የተለየ ነው ለማለት የሚያበቃ አይደለም፤ ሰፊ ንቅሳት ያላቸውም ጠባብ ካላቸው ይልቅ አልባሰባቸውም። ተመራማሪዎቹም ሌላ ጥናት ያስፈልጋል ብለዋል። ስለዚህ አያቶቻችሁን አታስደንግጡ። የአውሮፓ ኅብረት ግን ከጥር 2022 ጀምሮ በንቅሳት ቀለም ውስጥ ከ4,000 በላይ የሆኑ ኬሚካሎችን መገደቡን ልብ በሉ። የጥላሸትም ነገር አዲስ አይደለም፤ ፐርሲቫል ፖት የተባለው የለንደን ሐኪም ጥላሸት የጭስ ማውጫ ጠራጊዎችን በቆዳ ካንሰር እንደሚያስይዛቸው በ1775 ጽፏል።

ቀድሞ የተነቀሰና አሁን የታመመ ሰውስ? ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የዳነ አሮጌ ንቅሳት አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ይኖራል። በሕክምናው መካከል ቢያብጥ፣ ቢያሳክክ ወይም ቢላጥ ግን ለሐኪሙ ማሳየት ይገባል፤ ንቅሳት ያለበት መሆኑንም አስቀድሞ መናገር ይጠቅማል፣ ቀለም ያለበት የሊምፍ ዕጢ በምርመራ ጊዜ በሽታ ያለበት ሊመስል ይችላልና። አንዲት እናት የተነቀሰ አንገታቸውን ሰው እንዳይስቅባቸው በነጠላ ሸፍነው ለወጣት ሐኪም ሳያሳዩ እንደ ተመለሱ ሰምተናል፤ ንፍፊቱ የነበረው ከነጠላው ሥር ነበረ። የሚስቁት እነማን እንደ ሆኑ እናንተም እኛም እናውቃለን። ሐኪሞችም ቢሆኑ ይነቅሳሉ፤ የጨረር ሕክምና ሲሰጡ ጨረሩ በየቀኑ በአንድ ቦታ እንዲያርፍ ብለው በቆዳ ላይ የነጥብ ያህል ቀለም በንጹሕ መርፌ ያስገባሉ። የነርሱ ግን ሁለትና ሦስት ነጥብ ነው።

ለጓደኛችን ያመጣንለት መልስ እንግዲህ ይህ ነበር። «አያትህን የጠበቃት ደሟ ነው፤ ያንተ ደም ዛሬ ዘበኛ የለውም። ሕክምናህ አልቆ ቆጠራህ ሲመለስ ሐኪምህን ጠይቅ፤ ያን ጊዜ ከፈቀደልህ አብረንህ እንሄዳለን።» እርሱም ረዥም ሰዓት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ይህን በዚያ ማታ ብትነግሩኝ ኖሮ እናንተን አልሰድብም ነበር» አለን። የእናቱን ስም እስከዚያው ድረስ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፎታል።

አንድ ነገር ቀርቶናል። በዚያው ሳምንት ፕላትሌቱ በጣም ወርዶ ስለ ነበር ደም ያስፈልገው ነበር። ፕላትሌት ከሰው ከተቀዳ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ቀን በላይ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ባለፈው ዓመት የሰጠነው ዛሬ አይጠቅምም፣ ሰጪ በየሳምንቱ ይፈለጋል። ጓደኞቹ ሁሉ ሊሰጡት ተሰለፉ። በዚያ ቅዳሜ የተነቀሱት አራቱ ግን ተመለሱ፤ በቅርብ ከተነቀሰ ሰው ደም አይወሰድምና። የመቆያው ጊዜ እንዳገሩ ደንብ ከ3 ወር እስከ 12 ወር ይደርሳል። ከነርሱ አንዱ፣ የደሙ ዓይነት ከጓደኛችን ጋር የሚስማማው፣ ክንዱን በሌላው እጁ ሸፍኖ ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር።

የደም ሰጪዎች መዝገብ ከአዳራሹ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስትወጡ ስማችሁንና የደማችሁን ዓይነት ጻፉ፤ በዚህ ዓመት የተነቀሳችሁም ብትሆኑ ጻፉ፣ ነገር ግን የተነቀሳችሁበትን ቀን ከስማችሁ ጎን አስፍሩ፤ ተራችሁን ቆጥረን እንጠራችኋለን።